በሟች ስም የተመዘገበ ቤት

ሮቴም ሃኪርያ ከሚባለው የከተማው መሃል ሰፈር ስትደርስ በአውቶቡሱ የኋላ በር ወረደች።

ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች። የተከተላት የለም።

ዖፈር ከባንኩ ፊት አግዳሚ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። የፖሊስ ምርመራ ክፍል አለቃዋ ነው። አጠገቡ ተቀመጠችና የድምፅ ቅጂ ያለበትን ፍላሽ በጋዜጣው ሥር አሳለፈችለት።

«ድንቢጥ፣ ምን አገኘሽ?» አላት በምስጢር ስሟ፣ ሳያያት።

«የኮንትራክተሩን ሰው ድምፅ። ‹ካልሸጣችሁ የመንግሥት ቢሮው ቤቱን ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ይወርሰዋል› ይላል። የአከራዬ የአሮጊቷም ቃል አለበት።»

«ጎበዝ። ተመለሽ።»

ሮቴም ሮቫ ሔት በሚባለው ሰፈር ተከራይ መስላ ከገባች አራት ወሯ ነው። ሥራዋ የሰፈሩን ቤት በርካሽ ከሚሰበስበው ኮንትራክተር ጋር የሚዶልተውን የመንግሥት ሰው ማግኘት ነበር። ያከራዩዋት እትየ ዓባይነሽ በፈረንጆች ዘጠና አንድ ከአገር ቤት በአውሮፕላን የመጡ ባልቴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቅ ጠርገው የቤቱን ማሽካንታ፣ የባንክ ዕዳውን፣ ከፍለው ጨርሰዋል። እሷንም እንደ ልጃቸው ያዩአት ነበር።

«ገዥ እምቢ ሲሉት ይሄዳል፣ ልጀ» ብለዋት ነበር። «መንግሥት እምቢ ሲሉት ግን ወረቀት ይዞ ይመጣል። ቤቱ ታቡ ላይ፣ የቤት መዝገቡ ላይ፣ ዛሬም በሟቹ ባሌ በጌታው ስም ነው። ለሰው እንዳትነግሪ።»

የሮቴም ኪስ ውስጥ ያለው የድምፅ መቅጃ ይሠራ ነበር።

ፍላሹን ባስረከበች በሦስተኛው ቀን እትየ ዓባይነሽን መብራት ሳያበሩ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ፈረምሁ» አሉ። «‹ቤቱ የሟች ነው፤ መንግሥት በነጻ ሳይወስደው በግማሽ ዋጋ ይሽጡልን› አሉኝ የኮንትራክተሩ ሰዎች። የጌታውን ነገር ካንች በቀር ለማንም አልተናገርሁም።»

ከሮቴም ሌላ ቅጂውን የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዖፈር።

የዖፈርን አለቃ ናዖሚን አግኝታ ሁሉን ነገረቻት። ከዚያ ለዖፈር ደወለች። «ሌላ ቅጂ አለኝ። የአንተ ስም አለበት። አሥር ሰዓት፣ ባሕሩ ዳር።»

መጣ። ብቻውን አልነበረም። የኮንትራክተሩ ሰው ከኋላ ክንዷን ጠመዘዘው።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ዖፈር።

«የአሮጊቷን ቤት።»

«በገዛ እጃቸው ሸጡ። ገበያ ነው። ማን አስገደዳቸው?»

«አንተ። ምስጢራቸውን ሰጥተህ።»

«ብሰጥስ? ቅጂውን አምጭ!»

ክንዷ ቀጭ አለ።



የናዖሚ ሰዎች ከቆሙት መኪናዎች መሃል ብቅ ሲሉ ዖፈር ለመሮጥ እንኳ ጊዜ አላገኘም።

የሰፈሩን ቤቶች የመውረሻው ትእዛዝ ተሰረዘ። ጎረቤቶቹ ቤታቸው ቀረላቸው። የእትየ ዓባይነሽ ፊርማ ግን ፊርማ ነው። ጠበቃው ውሉን ለማፍረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል አለ። እሳቸው ደግሞ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ዕቃቸው በተጫነ ቀን ሮቴም ክንዷን በጄሶ ታስራ መጣች። አሮጊቷ የሮቴምን ማንነት ሰምተዋል።

«እትየ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ባሌ የሞተ ለት ጎረቤት ነበረኝ፤ ቤትም ነበረኝ» አሉ። «ዛሬ የማለቅስበት እንኳ የለኝም።»

መኪናው ሄደ።

በሳምንቱ ናዖሚ ሌላ መታወቂያ ሰጠቻት። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም። ሮቴም አንብባ ኪሷ ከተተችውና ከገበያተኛው መሃል ገባች። ልብ ብሎ ያያት ሰው አልነበረም።