ያልጎደጎደው እጀታ

ወልደ የሱስ የተገኘው በገዛ ሥራ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ ነበር። ግንባሩ በመዶሻ ተፈርክሷል። የማቅለጫው ድስት ተገልብጦ የቀለጠው ፕላስቲክ አንገቱና ደረቱ ላይ ፈሷል፤ ከሸሚዙና ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ደርቋል። ሰማያዊ ነው። ጠዋት የሰው ባልዲ ነበር።

በዚያ በ1970 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ መለዋወጫ መምጣቱ ቀርቶ ነበርና መቱ ውስጥ የተሰበረ ባልዲ የሚጥል ሰው አልነበረም። ሁሉም ለወልደ የሱስ ይሸጥለታል። እሱም በከሰል እሳት አቅልጦ፣ ፎርማ ውስጥ አፍስሶ፣ የራዲዮ መክፈቻ፣ የቢላ እጀታ፣ የመኪና ማርሽ እጀታ ያወጣል። ሹፌሮች ይወዱታል። ጎረቤቶቹ ጭሱን ይረግማሉ።

መርማሪው መቶ አለቃ ዲንቃ ሲደርስ ገዳይ ተብዬው ተይዞ ጠበቀው። ከጓሮ ንብ የሚያነባው ባጫ የፊጥኝ ታስሮ በር ላይ ተንበርክኳል፤ አንድ ዓይኑ በሰደፍ ተመትቶ ተደፍኗል።

«ነገሩ አልቋል፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ገብረ መስቀል፣ ሽጉጡን እየዳበሰ። «በደም ተነክሮ ሲሮጥ ነው የያዝነው። ‹ጭስህ ንቦቼን ፈጀ፣ እኔም አንተን እፈጅሃለሁ› ሲል ሰፈር ሙሉ ሰምቷል። ፀሐይ ሳትጠልቅ እርምጃ ይወሰድበታል።»

ያኔ እርምጃ ማለት ጥይት ማለት መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ከሜዳው በኩል የአካፋ ድምፅ ይሰማል። ሰውየው ሳይመረመር ጉድጓዱ ተጀምሯል።

«ፀሐይ እስክትጠልቅ የእኔ ነው» አለ ዲንቃ። ዝግ ብሎ የሚናገር ቀጭን ሰው ነው፤ ችኩል ሰው ግን አምርሮ ይጠላል።

ገብቶ ዙሪያውን ቃኘ። ጠረጴዛው ላይ ዕቃ ነክሶ የሚያጠብቅ ሞርሳ ተተክሏል፤ ፎርማው በሞርሳው መንጋጋ እንደተነከሰ ነው። ከመዶሻው የተፈናጠረው ደም ጠረጴዛውን አቋርጦ በሞርሳው ላይ አልፎ ግድግዳውን አዥጎርጉሯል። መስመሩ ግን የሞርሳው ማዞሪያ ዘንግ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ዘንጉ ላይም ደም አለ፤ ነገር ግን ዘንጉ ሽቅብ ቆሟል፣ ደሙም ከተቀረው መስመር ጋር አይገጥምም። ዲንቃ ሞርሳውን አላልቶ ፎርማውን ከፈተ። ሰማያዊ የማርሽ እጀታ ወጣ፣ እንደ እንቁላል የለሰለሰ።

መጀመሪያ ያነጋገራት የሟቹን ሚስት ዘቢደርን ነበር። ከሁሩሙ ገበያ በጭነት መኪና ስትመለስ ነው የባሏን ሬሳ ያገኘችው፤ አብረዋት የነበሩ ነጋዴዎች መስክረውላታል። እጀታውን ሲሰጣት አናቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና እንባዋ መጣ።

«አናቱን ምን ይፈልጉበታል፣ እትዬ ዘቢደር?»

«ጎድጉዶ እንደሆን ነዋ። ሲበርድ እኮ ይኮማተራል። እስኪበርድ ድረስ ከሞርሳው ሳይለዩ ትንሽ ትንሽ ማጥበቅ ነው። ከተዉት አናቱ ስርጉድ ይላል፣ ሹፌርም አይወስደው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እሱና እኔ። ሲሠራ በሩን ዘግቶ ነው፤ ዝንብ አያስገባም ነበር።»

«እሱስ ከማን ተማረው?»

«እንጃ። ጎሬ ሳለ ነው የጀመረው፣ እኔን ሳያገባ።»

ቀጥሎ ባጫን አስፈታ። ባጫ እጀታውን አገላብጦ አሸተተና ወዲያ ወረወረው።

«ይሄ ነው ከኒሳ ኮን የፈጀ! ንቤን! በሩ ክፍት ሆኖ ስላየሁ ልጣላው ገባሁ። ወልደ የሱስ ወድቆ ደም ይተፋ ነበር። ላነሣው ስል እጄ ላይ ሞተ። ፈራሁ፣ ሮጥኩ። አኒ ሂንአጄፍኔ! አልገደልኩም!»

አንዱ አብዮት ጠባቂ «ዝም በል!» ብሎ በሰደፍ ጎኑን ሲለው የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ዲንቃ ጠመንጃውን ከጠባቂው እጅ ነጥቆ ወደ ውጭ ወረወረው።

በመጨረሻ የቀረበው ሱቁ ከሟቹ ቤት አጥር የሚጋራው ራዲዮ ጠጋኙ ሽበሺ ነበር፤ ከጎሬ የመጣው ዘንድሮ ነው። እጀታውን ተቀበለ፤ አውራ ጣቱ አናቱ ላይ ዞረ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ።

«አንተም ትችልበታለህ?»

«እኔ? የራዲዮ ሰው ነኝ፣ ጌታዬ። የቤቱን ደፍ ረግጬ አላውቅም። እንዴት እንደሚቀልጥም አላየሁ።»

ዲንቃ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አሰናበተው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የአካፋው ድምፅ ቆመ። ዲንቃ ሁሉንም ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ፊታቸው ላይ የባልዲ ስባሪ አቀለጠ፣ ፎርማው ውስጥ አፈሰሰ፣ በሞርሳው አንዴ አጠበቀና ክንዱን አጣጥፎ ቆመ።

«ደሙ ሲፈናጠር ይህ ዘንግ አግድም ነበር» ብሎ ጀመረ። «አሁን ሽቅብ ቆሞ ነው ያገኘሁት። ከግድያው በኋላ ሰው አዙሮታል ማለት ነው። ግንባሩ የተፈረከሰ ሰው ሞርሳ አያዞርም።»

«ባጫ አዙሮት ይሆናላ!» አለ ገብረ መስቀል።

«ለምን ብሎ? እጀታው አልጎደጎደም። ገዳዩ ሰውየው እግሩ ሥር ተዘርሮ እያለ፣ እስኪበርድ ቆሞ፣ ትንሽ ትንሽ ሲያጠብቅ ነበር። ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ባጫ ስለዚህ ነገር የሚያውቀው ሽታውን ብቻ ነው። እትዬ ዘቢደር ያውቃሉ፤ ግን ሁሩሙ ነበሩ። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ፣ ማወቁን ግን የደበቀን ሌላ ሰው አለ።»

ከዚያ ዲንቃ ወሬውን ወደ ዝናቡ፣ ወደ ኖፓ መንገድ ጭቃ ወሰደው። ሊቀ መንበሩ ትዕግሥቱ አልቆ ይቁነጠነጥ ጀመር። ፎርማው እየበረደ ነው፤ ሞርሳውን የሚነካ የለም። ዘቢደር እጇን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ ታለቅሳለች። የሽበሺ ዓይን ከፎርማው ላይ አልነቀል አለ። ላብ አጠመቀው። ድንገት አንድ እርምጃ ተራመደ፣ እጁን ዘረጋ፣ ዘንጉን ሩብ ዙር አጠበቀ።

ሽበሺ የሰው እጅ እንደሚያይ የገዛ እጁን አየ።

«እንዴት እንደሚቀልጥ እንኳ አላየሁም ብለኸኝ ነበር» አለ ዲንቃ ቀስ ብሎ። «አውራ ጣትህ ግን ቅድም አናቱን ዳብሷል።»

«ሞርሳው የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ ሽበሺ። «ፎርማውም የኔ! ጎሬ ላይ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዕቃዬን ተሸክሞ ጠፋ። አብረን እንሥራ ብዬ ለመንኩት። ‹ሂድ ራዲዮህን ጠግን› ብሎ ሳቀብኝ። መዶሻው እጄ ሥር ነበር።»

«መታኸው። ለምን አልሮጥክም ታዲያ?»

«እጀታው እየበረደ ነበራ!» አለ ሽበሺ፤ ድምፁ ተሰበረ። «እንዴት ትቼው ልሂድ? ይጎደጉዳል እኮ።»

ጠባቂዎቹ ተረባርበው በሰደፍ ጣሉት። ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ባጫ የታሰረበት ገመድ ወደ እሱ ዞረ።

«ፍርድ ቤት ይቀርባል!» ሲል ዲንቃ መንገድ ዘጋ። «ጓድ ገብረ መስቀል፣ አምኗል እኮ!»

«ካመነማ ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል?» አለ ሊቀ መንበሩ። «ጉድጓዱ ደግሞ ተቆፍሯል።»

የስድስት ጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ዲንቃ ደረት ዞረ። እሱ ያለው አንድ ሽጉጥ ነው። ከበሩ ገለል አለ፤ ገለል በማለቱም ዕድሜውን ሙሉ አፈረ።

ተኩሱ ሲሰማ ባጫ ጎኑን እንደያዘ ደነገጠ፣ ከዚያ እየተንፏቀቀ ወደ ቀፎዎቹ ሄደ። ዘቢደር ተነሥታ ሞርሳውን አላላችና ፎርማውን ከፈተች። እጀታውን ከሩብ ዙሩ በኋላ ያጠበቀው ሰው አልነበረም፤ አናቱ ስርጉድ ብሏል። አውራ ጣቷን አንዴ አሳረፈችበትና ወደ ከሰሉ ወረወረችው።