የሳሎናችን መብራትና የእህቴ ሠርግ

እህቴን የዳርኳት እኔ ነኝ። አባዬ አይደለም፣ ዕድልም አይደለም፤ እኔ! የክፍሌ ልጆች ገና ኤክስን ከዋይ ማገናኘት አቅቷቸው ሲፍጨረጨሩ፣ እኔ ሁለት ልብ አገናኝቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሳሎናችን መብራት ነው። አባዬ ዓይኑን ከታከመ ወዲህ ብርሃን ይወጋዋል። እህቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያለ ደማቅ መብራት መርፌዋ ውስጥ ክር አይገባላትም። እሷ ታበራለች፣ እሱ ያጠፋል።

«ዓይኔን!» ይላል።

«ስፌቴን!» ትላለች።

በመጨረሻ ማብሪያ ማጥፊያው ተነቅሎ ዲመር ይግባ ተባለ፤ ሲያዞሩት እንደ ሬዲዮ ድምፅ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ።

መብራት ሠሪው መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ካቻቢቴውን እንደ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ። ከቆጣሪው አጠፋ፣ አሮጌውን ማብሪያ ፈታ፣ ሽቦዎቹን ለየ። ቀና ሲል እህቴን አየ። እህቴም አየችው። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

የእጅ ባትሪ ይዤ የማበራለት እኔ ነበርኩ። አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ። ዓይን አፋርነቱ አሳዘነኝና ቶሎ ደረስኩለት፤ «ይሄ ሽቦ የምንድነው? ኮረንቲ ይዞህ ያውቃል?» ደግሞ አፉን ከፈተ፤ ደግሞ ጠየቅኩት። ጨዋታ እንዳይጎድል ብዬ ነው!

ዲመሩን ገጥሞ ሲጨርስ አምፖሉንም ቀየረው። «ተራው አምፖል ከዚህ ጋር አይስማማም፤ ይርገበገባል» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እህቴ መስኮቱ ላይ ቀረች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ሥራውን ጨርሷል። ከእንግዲህ ለምን ይመጣል?»

ይሄማ የኔ ድርሻ ነው አልኩ። አሮጌውን አምፖል መልሼ ገጠምኩ፤ አዲሱን አምፖል የደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

አመሻሹ ላይ አባዬ ብርሃኑን ዝቅ ሲያደርግ ሳሎኑ ጭፈራ ቤት ሆነ።

«ዓይኔን ሊያፈርጠው ነው እንዴ!» ብሎ ጮኸ። «ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ! ሌላ ባለሙያ እጠራለሁ።»

የእህቴ ፊት ጠቆረ። ላስጠራው ብዬ ላስባርረው!

«አባዬ፣ በፈጠረህ፣ አንዴ መጥቶ ይየው» ብላ ለመነችው።

በማግስቱ መጣ። አምፖሉን አየ። እኔን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባባ» አለ ቀስ ብሎ። «አምፖል ተሳስቼ ይሆናል።»

እኔን ሊያድን ሙያውን ሲያሰድብ አላስቻለኝም። ቦርሳዬን ከፍቼ አምፖሉን አወጣሁት።

«የቀየርኩት እኔ ነኝ። ተመልሶ እንዲመጣ ብዬ።»

«ለምን ሲባል?» አለ አባዬ።

በአገጬ ወደ እህቴ ጠቆምኩ። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። አባዬ እሷን አየ፣ እሱን አየ፣ ሳቁን ዋጥ አደረገ።

«ነይ አንቺ ጉደኛ፣ የዓይን ጠብታዬን አድርጊልኝ!» ብሎ በጆሮዬ እየጎተተ ወደ መኝታ ቤት ወሰደኝ። አንድ ጠብታ ለመጨመር እንዲያ የቆየንበት ቀን የለም።

ስንመለስ መብራቱ ዝቅ ብሏል። እህቴ ክር የሌለው መርፌ ይዛ ለብቻዋ ትስቃለች። እሱ ካቻቢቴውን ገልብጦ ጨብጦታል።

በሠርጋቸው ቀን በኩራት ብርጭቆዬን ከፍ አደረግኩ። «እኔ ባልኖር ኖሮ እናንተ ምን ይውጣችሁ ነበር?»

ዝምተኛው ሙሽራ ዞር ብሎ አየኝ።

«ነገሩን በመጀመሪያው ቀን እንጨርሰው ነበራ! አፌን በከፈትኩ ቁጥር ባትሪሽን ይዘሽ መች ዘወር አልሽልኝ?»