ሳጥኑ ላይ የተገኘው ሹራብ

መምህሩ እጁን ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አያድርስ ነው፤ ሲቆጣ ይሻላል። ሰባተኛ ክፍል በሙሉ ጠረጴዛውን ከቦ አንገቱን አስግጓል። ኋላ የቀሩት ወንበር ላይ ወጥተዋል፣ ውረዱ የሚላቸው ግን የለም።

«ቀዝቅዟል» አለ በመጨረሻ። «አሁን በርቷል፣ ሳጥኑ ግን ቀዝቅዟል። ሌሊቱን ጠፍቶ ነው ያደረው።»

ጭምት ይህን ስትሰማ ዓይኗ ወደ መብራት ማጥፊያው ሄደ። ጭምት እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ በመከራ ነው ቃል የሚወጣት፣ ልጆቹ ያወጡላት ነው።

ሳጥኑ ተራ ካርቶን ነው። ውስጡ አምፖል፣ ሙቀት መለኪያ፣ ውሃ ያለበት ሳህንና እንቁላሎች አሉ። የሳይንስ መምህሩ «ያለ ዶሮ ጫጩት እንፈለፍላለን» ያላቸው ቀን ግማሹ ስቆበት ነበር። ኋላ ግን የሁሉም ልብ እዚያ ሳጥን ላይ ተንጠለጠለ። ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ አንድ እንቁላል ወሰዱ፣ በእርሳስ ምልክት አደረጉበት፣ በተራ በተራ ያገላብጣሉ። አንዳንዱማ ላልተወለደ ጫጩት ስም አውጥቶ ጨርሷል። መውጫቸው ደግሞ ደርሷል፣ ዛሬ ነገ እየተባለ ነው።

ትናንት ማታ ተራው የጭምትና የጓደኛዋ የሬዲዮ ነበር። ሬዲዮን ለምን ሬዲዮ እንዳሏት ማስረዳት አያሻም፤ ይቺ ልጅ ተኝታም ሳታወራ አትቀርም። እንቁላሎቹን አገላብጠው ሳጥኑን ከደኑ። ሬዲዮ ቀድማ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ «ነይ እንጂ፣ የግቢው በር ሊዘጋብን ነው» እያለች ትነዘንዛለች። ጭምት ቦርሳዋን አንጠለጠለች፣ ወጣች፣ ስትወጣ እጇ በሩ አጠገብ ያለውን ማጥፊያ ጠቅ አደረገው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ መብራት በርቶ ካገኘች ጉድ ይፈላል። «ለማን ነው የሚበራው? ለሸረሪቷ ነው?» ትላለች። ጭምት እንዲህ ስትባል ስላደገች እጇ እሷን ሳያማክር ያጠፋል። የክፍሉ ሶኬት ደግሞ ከሞተ ከርሟል፣ የሳጥኑ ሽቦ የተቀጠለው ከጣሪያው መብራት ላይ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ሳጥኑም ይጠፋል። መምህሩ ማጥፊያው ላይ «አይጠፋም» ብሎ ወረቀት ለጥፏል። ጭምት በየቀኑ ታየዋለች። እጅ ግን ማንበብ አይችልም።

«ትናንት ማታ የማን ተራ ነበር?» አለ መምህሩ።

ጭምት አፏን ከፈተች። ሬዲዮ ቀደመቻት።

«የኛ ነበር ቲቸር። እኛ ስንወጣ በርቶ ነበር፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ከኛ በኋላ የሚገቡት የጽዳቷ እትዬ ናቸው። ሹራባቸውስ ያው እዚሁ አይደል?»

ሹራቡ እውነትም ጠረጴዛው ላይ ነው። አረንጓዴ፣ ክርኑ ላይ በቡናማ ክር የተጠገነ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ሹራብ ነው። መምህሩ ጠዋት ሲገባ ሳጥኑ ላይ ተጠቅልሎ ነው ያገኘው። የጽዳቷ እትዬ ራሷም መወልወያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ጠዋት በሩን ስከፍት ጠፍቶ አገኘሁት» አለች። «አበራሁትና ሹራቤን ደረብኩለት። በርዶት እያየሁ ዝም ብዬ ልለፍ?»

ማን ይስማት። ያለፈው ወር ነገር ገና አልተረሳማ። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ከወረቀትና ከሙጫ ፕላኔቶች ሠርተው ነበር፤ ቆሻሻ መስሏት ጠራርጋ ጣለቻቸው። ሳተርንን ከቅርጫት ውስጥ አወጡት፣ ቀለበቱ ግን እስከዛሬ አልተገኘም። ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ ሰው ሁሉ እየሰማ «ሌላ ጥፋት ካገኘሁ እዚህ አይቆዩም» ብሏት ነበር። አሁንም ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቢሮ ደረሰና ዳይሬክተሩ ወዲያው መጣ።

«እትዬ፣ ባለፈው ተነጋግረናል አይደል? ከእረፍት በኋላ አነጋግርዎታለሁ። ቢሮ በር ላይ ይጠብቁኝ።»

አልተከራከረችም። ሹራቧን እንኳ ሳታነሳ ሄደች።

በእረፍት ሰዓት ጭምት ሬዲዮን ከቧንቧው ኋላ ጎትታ አቆመቻት።

«ለምን እንደዛ አልሽ?»

«ላንቺ ብዬ ነዋ። ምን ልበል? ጓደኛዬ ናት ጫጩቶቹን የጨረሰችው ልበል?»

«ሳጠፋ አይተሽኝ ነበር?»

«በሩ ላይ ድንገት ጨለመ እኮ። ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሬዲዮ ቧንቧውን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። «ቸኩዬ ነበር» አለች። «ሳጥኑ ትዝ አላለኝም። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው ትዝ ያለኝ።»

«ያባርሯቸዋል።»

«አያባርሯቸውም ባክሽ፣ አታካብጂ። ይቆጧቸውና ያልፋል። አንቺን ግን ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ሙድ ይይዝብሻል። ደግሞ አሁን ብትናገሪ ውሸታሟ እኔ ነኝ። እሱንም አስቢበት።»

ጭምት አሰበችበት። ከቆመችበት የቢሮው በር ይታያል። የጽዳቷ እትዬ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክንዶቿን አቅፋለች። ነፋሱ ሲመጣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል።

ከእረፍት ሲመለሱ መምህሩ ካፖርቱን ራሱ ላይ ደርቦ አገኙት። ካፖርቱ ስር ጨለማ አለ፣ የእጅ ባትሪ አለ፣ እንቁላል አለ። ጫጩቱ በሕይወት ካለ በብርሃኑ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ባለእንቁላሎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ካፖርቱ ስር ይገባሉ፣ የቀረው ክፍል ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወንዶች ገብተው ቆዩ። ሲወጡ አንደኛው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ያ የሚሳቅበት ቀን አልነበረም፣ ማንም አልሳቀም። ሁለተኛዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ሦስተኛዎቹ ግን ገና ከካፖርቱ ሳይወጡ «አለ፣ አለ» ሲሉ ተሰማ፣ ክፍሉ ተነፈሰ።

የጭምትና የሬዲዮ ተራ ደረሰ። ሦስት ራስ አንድ ካፖርት ስር ተጣበበ። መምህሩ እንቁላሉን ባትሪው ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ቀይ ብርሃን፣ በመሃሉ ጥቁር ጥላ። ጥላው ዝም ብሏል። የሬዲዮ ጥፍር የጭምትን ክንድ ሊበሳው ደረሰ። ከዚያ ጥላው ንቅንቅ አለ፣ እንደ እንቅልፋም ልጅ ተገላበጠ።

«ይኸውላችሁ» አለ መምህሩ በሹክሹክታ። «ያ ሹራብ ባይደረብ ኖሮ አንዱም አይተርፍም ነበር።»

ሁሉም አይቶ ሲያበቃ የማይንቀሳቀሱት ለብቻ ሳህን ላይ ተቀመጡ። የቀሩት ወደ ሳጥኑ ተመለሱ፣ ሹራቡም ተመልሶ ተደረበ። ከኋላ መስመር ፕሮፌሰር የሚሉት ልጅ «ታዲያ ያጠፉትስ እሳቸው አይደሉ?» አለ።

«እሱን ዳይሬክተሩ ያየዋል» አለ መምህሩ።

የጭምት እጅ ተነሳ። ክፍሉ ዞሮ አያት፤ ያ እጅ ተነስቶ አያውቅም።

«ቲቸር፣ ሹራቡን ላድርስላቸው?»

«አሁን? ትምህርት ላይ ነን እኮ።»

«ውጪ ይበርዳል።» እጇን ሳታወርድ ቀጠለች። «ለዳይሬክተሩም የምነግራቸው አለኝ። ስለ መብራቱ።»

ሬዲዮ ከጠረጴዛው በታች የጭምትን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች። ጭምት ጎንበስ አለችላት።

«እኔ ያደረግኩትን ነው የምናገረው» አለች ቀስ ብላ። «ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሬዲዮ ቀሚሱን ለቀቀች። መምህሩ ጭምትን ትንሽ አያትና በእሺታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ጭምት ጃኬቷን አውልቃ ሳጥኑ ላይ ደረበችና ሹራቡን አነሳች። የአምፖሉ ሙቀት አለበት። በሩ ጋ ስትደርስ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ማጥፊያው ሄደ። አየችው። መልሳ ሹራቡ ውስጥ ሸሸገችው፣ መብራቱን እንደበራ ትታ ወጣች።

የጽዳቷ እትዬ አሁንም አግዳሚው ላይ ናት። ጭምት ሹራቡን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት።

«እትዬ፣ ሲጠሩዎት ብቻዎን አይግቡ» አለቻት፣ አጠገቧም ተቀመጠች። «እኔም እገባለሁ።»