ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር

«ጣት» አሉ መሪው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ቅመም ጓንቷን አውልቃ አመልካች ጣቷን ዘረጋች። መሪው የልብስ መቆንጠጫ የምታክለውን መለኪያ ጣቷ ጫፍ ላይ አድርገው ዝም ብለው ጠበቁ። ረጅሙን ጠረጴዛ የከበቡት ሁሉ ትንሿን ቀይ መብራት ያያሉ። ቅመም የምታየው የመሪውን ፊት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ይዘው ተራራ የወጡ ሰው ስለሆኑ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

«ሰማንያ ሰባት» አሉና ደብተራቸው ላይ ጻፉ። «ራስ ምታት? ከዜሮ እስከ ሦስት።»

«ዜሮ።»

«ማቅለሽለሽ?»

«እሱም ዜሮ። ደህና ነኝ ጋሼ።»

ሰማንያ ሰባት በሒሳብ እንኳ አምጥታ አታውቅም። ይሄኛውንም ቢሆን በሐቅ አላመጣችውም። ከአምስት ደቂቃ በፊት ከማረፊያው ቤት ጀርባ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ ቆማ ሃያ ጊዜ በኃይል አየር ስባ አስወጥታለች። ዘዴውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው። «ከመለካትሽ በፊት በደንብ ተንፍሺ፤ ቁጥሩ ራሱ ከፍ ይልልሻል» ብሏት ነበር እየሳቀ። ከፍ የሚለው ለትንሽ ደቂቃ ቢሆንም ለመለካት ያ ይበቃል። ራሷ ደግሞ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ለሁለት ሊሰነጠቅ ምንም አልቀረውም። ሁለት የራስ ምታት ክኒን ውጣ ነው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው።

የመሪው ሕግ ግልጽ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ እየደጋገሙ ነግረዋቸዋል። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያሳየው ቁጥር ከሰማንያ በታች የወረደበት ሰው ወደ ጫፉ አይወጣም። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ራስ ምታቱ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆነበትም አይወጣም። «ቁጥሩን መለኪያው ይነግረኛል፤ ሕመሙን የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ» ይሉ ነበር።

የቅመም ወንድም ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ የተነሳው ፎቶ ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቷ ፎቶውን ያሳያሉ። እንግዳው አድንቆ ሲጨርስ «ይቺም ትሞክራለች» ይላሉ ወደ እሷ እየዞሩ። ያቺ «ትሞክራለች» የምትባል ቃል ቅመምን እንደ እሾህ ትወጋታለች። የትምህርት ቤቱ የእግር ጉዞ ክበብ ሦስት ተማሪዎች ሲመርጥና የእሷም ስም ሲጠራ፣ ፎቶዋ የሚሰቀልበትን ግድግዳ ያን ቀን ማታ በክንዷ ለክታ ነበር።

«ቀጥሎ» አሉ መሪው።

ቀጥሎ የነበረችው ፍሬን ናት። መንገድ ስትሻገር ግራና ቀኙን ሦስት ጊዜ ሳታይ እግሯን ስለማታነሳ ነው ፍሬን የተባለችው። ስሙን ያወጣችላት አምስተኛ ክፍል እያሉ ራሷ ቅመም ስትሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

«ሰማንያ አንድ። ያልፋል። ራስ ምታት?»

ፍሬን ወደ መሪው ደብተር አየች። ዜሮ ብትል ማንም የሚያውቅባት አልነበረም።

«ሁለት» አለች። «ሁለት ነው መሰለኝ ጋሼ። ዓይኔ ጀርባ ላይ ይወጋኛል።»

መሪው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ጎበዝ። ነገ ጠዋት ከረዳት መሪዋ ጋር ወደ ታችኛው ማረፊያ ትወርጃለሽ።»

ፍሬን ጣቷን ከመለኪያው አወጣች። ክፍሉ ውስጥ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ዝምታው ቅመምን አስጨነቃት። ሁሉም አሁን ዞር ብሎ እሷን የሚያያት፣ ውሸቷም ግንባሯ ላይ የተጻፈ መሰላት። ስለዚህ ሳቀችና «ምን ይደረግ፣ ፍሬን እኮ ናት» አለች። «እስካሁን አለመያዟም ተአምር ነው።»

ከሦስቱ ተማሪዎች በቁመቱ ቀውላላው የሚባለው ልጅ በሳቅ ፈረሰ። አብረዋቸው የመጡት የስፖርት መምህርም ፈገግ አሉ። ፍሬን ራሷ ልትስቅ ሞከረች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ቅመም ያን ዓይን አይታ ወደ ሻይዋ አቀረቀረች። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

ወደ አልጋቸው ሲሄዱ ፍሬን ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «አንቺ ምሳ ላይ ራስሽን ይዘሽ ነበር። እርግጠኛ ነሽ ደህና መሆንሽን?»

«ፀሐዩ ነው። አታካብጂ ባክሽ።»

ፍሬን ሄዳ ለመሪው አልነገረችም።

ንጋት ላይ ቅመም መጸዳጃ ቤት ገብታ ሠላሳ ጊዜ ተነፈሰች። መለኪያው ሰማንያ ሦስት አለ። መሪው ጻፉ። ደጅ ላይ ፍሬን ቦርሳዋን አዝላ ከረዳቷ ጋር ቆማ ነበር። የቅመምን አንገት ልብስ አስተካከለችላትና «ጫፉ ላይ ስትደርሺ በጣም ጩኺ፤ ታች ሆኜ እሰማሻለሁ» አለቻት። እንደማይሰማ ሁለቱም ያውቃሉ።

የቀሩት አራት ሰዎች በአንድ ገመድ ተያያዙ። መሪው ከፊት፣ ቅመም ቀጥሎ፣ ቀውላላው ከእሷ ኋላ፣ መምህሩ መጨረሻ። ጫማቸው ሥር የታሰረው የብረት ጥርስ በረዶውን ሲነክስ ቀርጨም ቀርጨም ይላል። አንድ እርምጃ፣ አንድ ትንፋሽ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ክኒኑ ያዘላት። ከዚያ በኋላ የለቀቃት ክኒኑ ብቻ አልነበረም። እግሯ ወደ ፈለገችው ሳይሆን ወደ ፈለገው መሄድ ጀመረ። በረዶው ላይ ሁለት የመሪው ጀርባ ታያት። የትኛውን እንደምትከተል እያመነታች ሳለ ተንበርክካ አስመለሰች።

«በዚህች መስመር ላይ ተረከዝሽን ከጣትሽ እያገጠምሽ ሂጂ» አሉ መሪው፣ በበትራቸው በረዶው ላይ ጭረት አስምረው።

ቅመም አንድ እርምጃ ሄደች። በሁለተኛው ቀውላላው ባይዛት ኖሮ ወድቃ ነበር።

መሪው መለኪያውን አወጡ። ስልሳ ስድስት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ሲለወጥ አየችው። «ጠዋት ሰማንያ ሦስት ነበርሽ» አሉ፣ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ። ቀና ብለው ጫፉን አዩት። ሁለት መቶ ሜትር ቢቀር ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሚባል የሌለበት፣ ለመውጣት ከዚህ የተሻለ ቀን የማይገኝ ነበር።

«እንመለሳለን» አሉ። «ሁላችንም።»

«ጋሼ፣ እኔና ቲቸር ቀስ ብለን ብንወጣስ? ይኸው ይታያል እኮ!» አለ ቀውላላው።

«መሪ የሌለው ሰው ከዚህ አያልፍም። ረዳቷ ብትኖር ኖሮ እሷ ይዛችሁ ትወጣ ነበር። ግን የለችም።»

ቀውላላው ጀርባውን ሰጣቸው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ቅመም አየች። ለዚህች ቀን ብሎ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ድንጋይ ተሸክሞ ሲወጣና ሲወርድ ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ሙድ ሲይዝበት ግድ አልሰጠውም።

የወረዱበትን ግማሹን መንገድ ቅመም አታስታውሰውም። መሪው በአጭር ገመድ ከወገባቸው ጋር አስረዋት፣ አንዳንዴም ጀርባቸው ላይ አዝለዋት እንደወረዱ በኋላ ነው የሰማችው። ዝቅ ባሉ ቁጥር ራሷ እየቀለለ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ታችኛው ማረፊያ ሲደርሱ ሁለቱ መሪዎች አንድ ሆነውላታል፤ ራስ ምታቱም የለም። ሕመሙ ሲሄድ ሌላው ነገር መጣ።

አልጋ ላይ ጋደም ብላ ሳለ ፍሬን የሞቀ ውሃ ይዛ ገባች። አጠጣቻት። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትል ጀመር።

«ይቅርታ» አለች።

«የምን ይቅርታ?»

«በእኔ ምክንያት ነው እኮ። እኔ ባልወርድ ረዳቷ አብራችሁ ትሆን ነበር። አንቺን አንዳቸው ያወርዱሻል፣ ሌሎቹ ይወጣሉ። ቀውላላው ነግሮኛል።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እውነቱን ነው። ትንሽ መቻል ነበረብኝ። ሁለት ከምል አንድ ብል ምን ነበረበት?»

ቅመም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ፍሬን ግን ዝምታዋን እንደ ቅያሜ ሳትቆጥረው አልቀረችም፤ «ተኚ፤ አልረብሽሽም» ብላ ብርድ ልብሱን አልብሳት በጫማዋ ጫፍ እየተራመደች ወጣች።

ከግድግዳው ወዲያ የመሪው ድምፅ ይሰማል። ከጉዞ ቢሮው ጋር ስልክ ላይ ናቸው።

«አዎ፣ ቁጥሯ ጥሩ ነበር … አይደለም፣ መለኪያው ደህና ነው። በራሴም ጣት ሞክሬዋለሁ … እኔ ነኝ ያላየሁት። እንደዚያ ስትሆን እንዴት ሳላይ እንደቀረሁ አላውቅም … ገባኝ። ለሚመጣው ቡድን ሌላ ሰው መድቡ። ምናልባት ዓይኔ እየደከመ ይሆናል።»

ቅመም ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሯ ሳበችው። እንዲህ ያለ እፍረት አታውቅም ነበር። ፈተና ወድቃ ታውቃለች፤ በክፍሉ ሁሉ ፊት አልቅሳ ታውቃለች። ያ ፊትን አቃጥሎ ያልፋል። ይሄኛው ግን አላልፍ አላት። ሁለት ሰዎች የእሷን ውሸት ተካፍለው ተሸክመዋል። ሁለቱም ደግሞ የራሳችን ነው ብለው አምነዋል። ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም፤ ነገ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ሰኞ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚወራው ግን «ፍሬን ናት ያስመለሰቻቸው» የሚል ይሆናል። ለዚህ ወሬ የሚስማማ ስም ያወጣችላትም እሷው ናት።

ተነስታ ጫማዋን አጠለቀች።

መሪው ግቢ ውስጥ የረጠበውን ገመድ አጥር ላይ እያሰጡ ነበር። «ምነው ተነሳሽ? ራስሽን አመመሽ?»

«አሁን አይደለም። ያመመኝ ትናንት ነው። ከምሳ ጀምሮ።»

እጃቸው ገመዱ ላይ ቆመ። ቅመም ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ክኒኑን፣ በርሜሉን፣ መጸዳጃ ቤቱን። የወንድሟን ስም ልታነሳ ፈልጋ ተወችው። የተነፈሰችው እሷ ናት።

«ስንት ጊዜ?» አሉ።

«ማታ ሃያ። ጠዋት ሠላሳ።»

መሪው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር።

«አንድ ሰዓት ተጨማሪ ብንወጣ ኖሮ ምን ትሆኚ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ። «ከአንድም ሁለት ሰው አውርጃለሁ እንዲህ ሆኖ። ሁለተኛው አልነቃም።» ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። «ለቢሮው አሁኑኑ ደውዬ እነግራለሁ። ቁጥሩን አምኜ ፊትሽን አለማየቴ የእኔ ነው፤ እሱንም እላቸዋለሁ። ለልጆቹ ግን እኔ አልነግርም። ደክሞሻል፤ ከፈለግሽ ገብተሽ ተኚ።»

መኝታ ቤቱ በስተግራ ነው፣ መመገቢያው በስተቀኝ። ቅመም ደጁ ላይ ትንሽ ቆመች። ለአንድ ሰው ተናግራለች፤ ቀለል ያላትም መስሏት ነበር። በመመገቢያው ቤት መስኮት ፍሬን ታየቻት። ከጠረጴዛው ዳር ብቻዋን ተቀምጣ ሾርባዋን ታማስላለች፣ አትጠጣም። ቀውላላውና መምህሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ስድስት ባዶ ወንበር አለ።

ቅመም ወደ ቀኝ ሄደች።

ስትገባ ቀውላላው ቀና ብሎ አያትና ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ፍሬን ፈጥና ቦርሳዋን ከአጠገቧ ወንበር ላይ አነሳች። «እንኳን ተነሳሽ። ነይ ቁጭ በይ፤ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ።»

ወንበሩ ቅርብ ነው፣ የፍሬንም ፊት ደግ ነው። ቅመም የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ቆይ፣ አልቀመጥም» አለች። «ቀውላላው፣ አንተም ስማኝ። ቲቸር፣ እርስዎም። ያስመለስኳችሁ እኔ እንጂ ፍሬን አይደለችም። ቆሜ ነግሬያችሁ ልጨርስና፣ ከዚያ የምቀመጥበትን ፍሬን ታሳየኛለች።»