የጥጃዋ ጉዝጓዝ

ሁለቱ ጀልባዎች ከሸምበቆው ጥግ እንደወጡ የምሥራቁ ነፋስ ተቀበላቸው። ማዕበሉ የኸዩንን ጀልባ አንስቶ አላጋው፤ እግሩ ሥር የታሰረችው የጎሽ ጥጃ እየጮኸች ተንፈራገጠች። ከእህቱ መንጋ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። እምቦጭ የታችኛውን ውሃ ዳር እስከ ዳር ሸፍኖት ሌሎቹ ጎሾች እዚያው ተተብትበው አልቀዋል። ንጹሕ ሆኖ የቀረው ኡም ሪሻ፣ የኸዩን ሚስትና ከብቶቹ ያሉበት ላይኛው ሐይቅ ነው።

ኸዩን ግን ከማዕበሉ ይልቅ የፈራው ከኋላው የሚቀዝፈውን ሰው ነበር። ቺለይብ የታችኛው ውሃ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እምቦጩ እንጀራውን ቢነጥቀው ቤተሰቡን ኡም ሪሻ ለማስፈር ሊለምን ይሄዳል። በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ የኡም ሪሻ መግቢያ ላይ እምቦጭ በቅሎ ተነቅሏል። ያስገባው እንዲህ ያለ የታች ሰው ነው ብሎ ኸዩን ደምድሟል።

«ወደ ቀኝ ያዝ! ሊገለብጥህ ነው!» ጮኸ ቺለይብ።

«መንገድ ካንተ አልማርም!» አለ ኸዩን። ግን ወደ ቀኝ ያዘ፤ ባይዝ ኖሮ አልቆለት ነበር።

አንዲት ደሴት ላይ አረፉ። ኸዩን ከእህቱ ደጅ ካጨደው ሳር ለጥጃዋ ጉዝጓዝ ጨመረላትና የቺለይብን መረብ ይገለባብጥ ጀመር። የእንግዳን ጀልባ መበርበር በነሱ ዘንድ ደም የሚያቃባ ነውር ነው።

«ምን ጠፋህ?»

«የእምቦጭ ወይን ጠጅ አበባ።»

«ለሚስትህ ከሆነ በጠየቅከኝ።»

«አትቀልድ፣ አንተ ቡችላ!»

ቡችላ የቺለይብ ስም ትርጉም ነው፤ ልጆች የሞቱባት እናቱ ሞት እንዲንቅላት ያወጣችለት። «ለቡችላም አጥንት ይጣልለታል» አለ ቺለይብ። «አንተ ኮተቴን ትበረብራለህ።»

ሸምበቆው ተንኮሻኮሸ። አንድ ግዙፍ የዱር አሳማ ጥሶ ወጣና በቀጥታ ወደ ጥጃዋ ተወረወረ። ቺለይብ የዓሣ ጦሩን አንስቶ ፊት ለፊት ገጠመው። አሳማው ጭኑን ዘንጥሎት ሸሸ። ኸዩን ሻሹን ፈትቶ ቁስሉን አሰረለት፤ አመሰገነውም። ወዲያው ደግሞ፣ ለሰው ጥጃ ይህን ያህል የሚጋደል ምን ፈልጎ ነው ብሎ ጠረጠረው።

ከቀትር በኋላ ዓሣ በኤሌክትሪክ የሚገድሉ ሰዎች በሞተር ጀልባ መተላለፊያውን ዘጉባቸው። ጠመንጃ ይዘዋል።

«ጥጃዋን ወዲህ በሉ!»

ቺለይብ ተጠግቶ አንድ ነገር አንሾካሾከላቸው። ፊታቸውን አኮሳትረው ገለል አሉ።

«ምን አልካቸው?»

«የሚተላለፍ የአፍ በሽታ ይዟታል አልኳቸው።»

ውሸት እንዲህ የሚሳካለት ሰው እኔንም ሲያታልል ነው የዋለው፣ አለ ኸዩን በሆዱ።

የኡም ሪሻን መግቢያ የምትጠብቀው አሮጊቷ ኡም ሻቲ ናት። ዘንጓን አጋድማ አቆመቻቸው።

«እናቴ፣ የሱን ደህና አድርገሽ ፈትሺልኝ» አለ ኸዩን።

ኡም ሻቲ የቺለይብን ጀልባ አገላብጣ አየችው። ምንም የለም። ወደ ኸዩን ዞረች።

«እኔን? ያገርሽን ልጅ?»

«ያገሬ ልጅ ጀልባ ውሃ አይነካውም?»

ከጥጃዋ ሥር ጉዝጓዙን ገለጠችው። ከሳሩ መሃል አንገቱ ያበጠ ጨቅላ እምቦጭ መዝዛ አወጣች።

«አበባ የለውም እኮ!» አለ ኸዩን።

«አበባውንማ ከገባ በኋላ ያሳይሃል።» ቺለይብን በጎሪጥ አየችው። «ምናልባት ከሱ ወደ አንተ ተላልፎ ይሆን?»

ኸዩን ወደ ቺለይብ ዞረ። አዎ ቢላት ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ የቺለይብ ልጆች ግን ኡም ሪሻን አያዩዋትም። በዚህ ዓመት ከዛሬው በፊት እህቱን ሁለት ጊዜ ጠይቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳር ጭኖ ተመልሷል፤ ያገር ልጅ ነውና ማንም አልፈተሸውም።

«አይደለም» አለ። «ሳሩን ያጨድኩት እኔ ነኝ። የፊተኞቹን ሁለቱንም ያስገባሁ እኔው ነኝ።»

ሳሩን ዳር አውጥቶ አቃጠለው። የእምቦጭ ቁራጭ እንዳይቀርበት ጀልባው ተገልብጦ እስኪደርቅ እሱም ከመግቢያው ውጭ ይቆያል። ጥጃዋን አጠበና ተሸክሞ ወደ ቺለይብ ጀልባ አሻገራት።

«ለቡችላ አምነህ ትሰጣታለህ?» አለ ቺለይብ።

«የበኩር ልጅህ ማን ይባላል?»

«ሰህላ።»

«እንግዲያው አቡ ሰህላ፣ የሰህላ አባት፣ አደራ። ለሚስቴ አድርስልኝ።»

ኡም ሻቲ ዘንጓን አነሳች። ጥጃዋ እየጮኸች ወደ ንጹሑ ውሃ ገባች። ኸዩን ጭቃው ላይ ተቀምጦ የልብሱን ጠርዝ መፈተሽ ጀመረ።