ከሰልፉ ፊት የተገኘው ድንጋይ

የእርዳታ ክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ሰርጉዷል። ደሙ ማህተሙንና ያልተፈረሙትን ማመልከቻዎች አንድ ላይ አጣብቆ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ተንጠባጥቦ ወለሉ ላይ ረግቷል። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ ቁስሉን አየች። የመጀመሪያው ምት ገድሎታል፤ የቀሩት የንዴት ነበሩ። ከጸጉሩ መሃል የአሸዋ ቅንጣት አገኘች። የተመታበት ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ «ገዳዩ» ተይዞ ይጠብቃት ነበር። ሁለት እጃቸው የፊጥኝ የታሰረ ሽማግሌ ናቸው። ዘበኛው በዱላ ስለወቀጣቸው አንድ ዓይናቸው አብጦ ተደፍኗል፤ ከንፈራቸው ተተርትሯል።

«ማን ፈርዶባቸው ነው የደበደብካቸው?» አለችው ዘበኛውን።

«ትናንት እዚሁ በር ላይ ‹ወይ እኔ ወይ አንተ› እያሉ ሲዝቱበት ሰምቻለሁ። ዛሬም በማለዳ ኮሪደሩ ውስጥ ነበሩ።»

«ሲመቱት አይተሃል?»

«እሱን እንኳ አላየሁም።»

መርማሪዋ ገመዱን ራሷ ፈታችና ሽማግሌውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት የገደሉት?»

«ጻፊው» አሉ፣ ደም እየተፉ።

«ምን ብዬ?»

«ሙሉ ስሜን። ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። ከዚያ ማህተም ይደረግበት።»

«ገድያለሁ እያሉኝ ነው?»

«አልገደልኩምም አላልኩሽ። ብቻ ጻፊው።»

ስንት ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ ስሜ በማህተም ይጻፍልኝ ብሎ የለመናት ግን የለም። ከሰልፈኞቹ መሃል ለልጆቿ እርዳታ የምትመላለስ አንዲት መበለት ወደ ጥግ ጠራች።

«እሱ? ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነው» አለች ሴትዮዋ። «ነፍስ ይማር ነው የምንለው።»

«ምን ሆነው?»

«መዝገቡ ሞቷል ይላላ። በሕይወት መኖርህን አስመስክር አሉት። ምስክር ይዞ ሲመጣ የሞተ ሰው ማመልከት አይችልም፣ ቤተሰብህ ያመልክት አሉት። ቤተሰብ ከየት ያምጣ? ትናንት ተማሮ ሲጮህ ኃላፊው አዘነለትና፣ ነገ ማልደህ ና፣ ፋይልህን ራሴ አየዋለሁ አለው።»

የኃላፊው ምክትል ቢሮው ውስጥ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ሸሚዙ እንደ ሙሽራ የተተኮሰ ነው።

«ሟቾችን የሚመዘግበው ማን ነው?» አለችው።

«እኔ። ስህተት የትም ያጋጥማል። ሰውዬውን ወደ ጣቢያ ቢወስዱልን መስኮቱን እንከፍታለን።»

«የአለቃዎ ደም ሳይደርቅ?»

«ሰልፉ ረጅም ነው» አለ።

«ጠዋት በየት ገቡ?»

«እንደ ሁልጊዜው በኋላ በር፣ በመኪና መግቢያው። በሰልፈኛ መሃል አላልፍም።»

መርማሪዋ በኮሪደሩ በር ወደ ግቢው ወጣች። ከግድግዳው ሥር ድንጋዮች ተደርድረዋል። እዚህ መሥሪያ ቤት ሰው በማለዳ ይመጣና ድንጋዩን በተራው አስቀምጦ፣ መስኮቱ እስኪከፈት ማዶ ፀሐይ ሊሞቅ ይሄዳል። ድንጋዮቹ ሁሉ አቧራ ለብሰዋል። ከፊት ያለው፣ ቀዳዳ ያለበት ጥቁር ድንጋይ ግን እርጥብ ነበር። በመሐረብ አነሳችው። ቀዳዳው ውስጥ ጸጉር ተወትፏል።

«ይህ የማን ነው?»

«የነፍስ ይማር ነው» አለች ተከትላት የወጣችው መበለት ግራ ገብቷት። «እሱ ግን ከእኔ ኋላ ነበር። ቆየት ብዬ ሳይ ድንጋዩ የለም፤ ተጠርቶ ገባ ብዬ የኋላዎቹን አስጠጋሁ። ከፊቴ አስቀምጦት ባገኘው ኖሮማ እኔው በፈነከትኩት።»

መርማሪዋ ሁሉንም መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበችና ድንጋዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ገዳዩ ይህን ከሰልፉ አነሳ፤ ገደለበት፤ አጠበው። ድንጋይ ከድንጋይ መሃል ይጠፋል ብሎ ሊመልሰው ሲወጣ ክፍተቱ ተዘግቷል። ከየት እንዳነሳው ስለጠፋው ከፊት አኖረው። እዚህ የተሰለፈ ሰው ይህን አያደርግም፤ ከሰው ፊት ድንጋይ ማኖር ጠብ መጫር ነው። አባባ ተራቸውን ያውቃሉ። እሷም ተራዋን ለማንም አትሰጥም። ዘበኛው በየቀኑ የድንጋይ ጠብ ሲገላግል ነው የሚውለው፤ የማን ድንጋይ የት እንደሚቀመጥ አይጠፋውም። የሰልፉን ሕግ የማያውቀው በኋላ በር የሚገባው ብቻ ነው።»

«በድንጋይ ልትፈርጂብኝ ነው?» አለ ምክትሉ።

«አለቃህ ዛሬ የሽማግሌውን ፋይል ሊከፍት ነበር። ሞተዋል ብለህ ከመዘገብካቸው ወዲህ በእሳቸው ቦታ እርዳታ የሚወስደው ማን ነው?»

«የምክትሉ ሚስት አባት ናቸው» አለ ዘበኛው ቀስ ብሎ። «መኪናው ድረስ የምደግፋቸው እኔ ነኝ።»

ምክትሉ ድንጋዩን ነጥቆ ወደ መርማሪዋ ግንባር ሰነዘረ። ዞር ስትል ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ሲሰነጠቅ ሁሉም ሰሙት። ዘበኛው የምክትሉን ክንድ በዱላው ሰበረው። ሲወድቅ አፍንጫውን ደገመው፤ የተተኮሰው ሸሚዝ በደም ራሰ። ዱላው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ፦

«ይበቃል!» አለች መርማሪዋ። «አንተ ዛሬ የደበደብከው ይበቃሃል።»

ዘበኛው ሽማግሌውን ማየት አፍሮ አንገቱን ደፋ።

ምክትሉን እየጎተቱ ሲያስወጡት፣ መርማሪዋ ትከሻዋን ይዛ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች።

«ለምን አልገደልኩም አላሉኝም አባባ?»

«የሞተ ሰው አይታሰርም፣ ልጄ። ብታስሪኝ በሕይወት ለመኖሬ ወረቀት ይገኝልኝ ነበር።»

መርማሪዋ በደህናው እጇ ማስታወሻዋን አወጣች። «በምስክርነት እጽፍዎታለሁ» አለች። «ሙሉ ስምዎን፣ ከነአያትዎ። በማህተም።»

«ድንጋዬስ?»

«ማስረጃ ነው፤ እወስደዋለሁ።»

«ታዲያ ተራዬን በምን ልያዝ?»

መበለቷ ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው።

«ራስህ ቁምበታ» አለቻቸው። «ከእኔ ኋላ።»