ከጀልባዎ አይውረዱ

የጌትነት ሬሳ የተገኘው ዘጌ ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ ነው። ጣና ላይ ሲዋኝ ያደገ ጀልባ ነጂ ነበር። ሞተሩ የጠፋበት ቦታ ለዳርቻው ቅርብ ስለሆነ ዋኝቶ መውጣት አያቅተውም ነበር። እሱ ግን ማዕበል መጥቶ ጀልባዋን እስኪገለብጣት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በላስቲክ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ስልክ ውሃ አልነካውም፤ ሆኖም ለማንም አልደወለም።

ከቀብሩ በኋላ ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ሸሪፋ ስልኩን ለእህቱ ለሀኒ አሳየቻት። ስክሪኑ «የአደጋ ጊዜ ጀልባ ከደቅ ተነሥታለች፤ ከጀልባዎ አይውረዱ» ይላል።

ሀኒ ስልኩን ተቀብላ ደግማ አነበበችው። ቃሉ የእሷ ነው። የጀልባ ነጂዎቹን አፕ የነደፈችው እሷ ናት፤ ቀዩ ቁልፍ ሲነካ ለወደብ ጠባቂዎች ጥሪ እንዲላክ፣ መልሳቸው ሲመጣ ይህ ጽሑፍ እንዲታይ። በወንድሟ ስልክ ላይ የጫነችውም ራሷ።

«ታዲያ ጀልባዋ የት ቀረች?»

«ጀልባ አልተላከም። ጥሪም አልደረሰም» አለች ሸሪፋ።

ወሬው ጆሯቸው ሲደርስ እናቷ ወይዘሮ ውዴ «በእጅሽ ገደልሽው» አሏት፤ ከዚያ ወዲያ አላናገሯትም።

አፑን የሠራው ድርጅት ባለቤት አዘዘ አፉን ሞልቶ «እኛ ንድፉን ነው የተከተልነው» አለ። ኮድ የሚጽፉት እሱና የሀኒ እጮኛ ሕዝቅኤል ናቸው። ሕዝቅኤል ደግሞ «ያንን ክፍል ለአፑ ምረቃ ሲጣደፍ የጨረሰው አዘዘ ነው፤ ሀኒን አትንኳት» ብሎ ለመርማሪዋ ነገራት። ሀኒ ይህን ስትሰማ፣ አንድ ሰው እንኳ አለኝ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ሸሪፋ ሦስቱንም በድርጅቱ ቢሮ ሰበሰበች። የጌትነትን ስልክ ኔትወርክ ዘጋችና ቀዩን ቁልፍ ነካች። ያው ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ማንም ሳይጠራ ጀልባ ተነሥታለች ይላል። ይሄ መልስ አይደለም፣ ሥዕል ነው። ቁልፉን መሥራት ያቃተው ሰው የንድፉን ሥዕል ለጥፎበታል። አቶ አዘዘ፣ ለእርስዎ የተላከው ንድፍ የታለ?»

አዘዘ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየ። «ከባሕር ዳር ተነሥታለች» ይላል።

«ደቅ ደሴት ላይ የአደጋ ጊዜ ጀልባ አለ?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ሀኒ፣ ደቅ ከየት መጣ?»

ሀኒ ገባት፤ ባይገባት ትመርጥ ነበር። «ለሕዝቅኤል በላክሁት ንድፍ ላይ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የደቅ ልጅ ስለሆነ ለማሳቅ ብዬ። ለሌላ ሰው አልላክሁትም።»

ሸሪፋ ወደ ሕዝቅኤል ዞረች። «አዘዘ ለጥፎት ቢሆን ኖሮ ባሕር ዳር ይል ነበር።»

አይ ሰው! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ነው።

«ምረቃው ደረሰብኝ» አለ ሕዝቅኤል አንገቱን ደፍቶ። «ለጊዜው ብዬ ነው። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ...»

«በምረቃው ዕለት ለወንድሜ ስጭንለት አጠገቤ ነበርህ። ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅሁህ።»

«ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ነበር፣ ሀኒ።»

«ሬሳውን ተሸከምህ። እናቴ እኔን ስትረግመኝ ቆመህ ሰማህ። እንዴት አስቻለህ?»

የሀኒ ስልክ ጠራ። ወይዘሮ ውዴ ናቸው።

«ፖሊስ ሰብስባችኋለች አሉ። አንቺ የምትዪኝን አላምንም። ሕዝቅኤልን አቅርቢልኝ፤ የቀረኝ ልጅ እሱ ነው፣ እሱ ያለኝን እቀበላለሁ።»

ሀኒ ስልኩን ዘረጋችለት። «በል ንገራት።»

ሕዝቅኤል ስልኩን ተቀበለ። «እማማ» አለ።

«አቤት ልጄ» አሉ ወይዘሮ ውዴ። «እየሰማሁህ ነው።»